ጎሚስታ የሌለበት መንገድ

ከአዲስ አበባ ወጥቶ በየትኛውም አቅጣጫ የተጓዘ ሰው ጎሚስታ ቤት ለማግኘት ጽሑፍ ማንበብ አያስፈልገውም። አሮጌ ጎማ እንጨት ላይ ተሰቅሎ ወይም ከመንገዱ ዳር ግማሹ ተቀብሮ ካየ፣ እዚያ ኮምፕሬሰር፣ ውኃ የሞላ ገንዳና እጁ የጠቆረ ወጣት እንዳለ ያውቃል። አስፋልቱ እስካለ ድረስ ጎሚስታውም አለ። ችግሩ አስፋልቱ ሲያልቅ ጎሚስታውም አብሮ ማለቁ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው አገር ደግሞ ትንሽ አይደለም።

በዚያ አገር ውስጥ ሞተር ብስክሌት ይዘው እንጀራቸውን የሚያበስሉ ብዙ ናቸው። የግብርና ባለሙያው፣ ክትባት አድራሹ፣ የጤና ኬላዎችን የሚከታተለው ሱፐርቫይዘር፣ የገጠር ውኃ ፓምፕ የሚጠግነው ቴክኒሻን ሁሉም በሞተር ይሄዳሉ። የሚነዱትም ለኮረኮንችና ለጭቃ የተሠራ፣ ጎማው ጥርሳም የሆነ ሞተር ነው። በየወረዳው ግቢ ቆመው የምናያቸው የያማሃ «ኤጂ» ሞተሮች ስማቸው ራሱ ከእርሻ የመጣ ነው፤ ሁለቱ ፊደላት «አግሪካልቸር» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ተወስደዋል። ለእነዚህ ሰዎች ጎማ መፍታትና መግጠም የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ አይደለም። ያም ሆኖ አብዛኞቹ መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ ይህን ያስተማራቸው የለም።

ታናሽ ወንድሜ ከእነዚህ አንዱ ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኖ ይሠራል። ባለፈው ጥቅምት የበግና የፍየል ክትባት በበረዶ ሣጥን አስሮ ወደ አንድ ቀበሌ ሲወርድ የኋላ ጎማው ተነፈሰ። ገበሬዎቹ በጎቻቸውን ከጧቱ ጀምሮ ሰብስበው እየጠበቁት ነበር። ስልክ አይሠራም። ሞተሩን እየገፋ ሁለት ሰዓት ተኩል ሄደ። ሲደርስ ግን ሰዉ ተበትኗል፤ መንጋውም ለግጦሽ ወጥቷል። በሣጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ገና አልቀለጠም፤ ክትባቱም አልተበላሸም፤ ያጣው የሚከተበውን ነው። የቀሩትን ጥቂት በጎች እንዳይከትብ ደግሞ አንዱ ጠርሙስ ለብዙ እንስሳት የሚሆን ነው፤ አንዴ ከተበጠበጠ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ የተረፈው ይደፋል። ስለዚህ ሣጥኑን ሳይከፍት ተመለሰ። የሚያሳዝነው ነገር አዲስ ከመነዳሪ ከመቀመጫው ኋላ ታስሮ አብሮት መዋሉ ነው። እንዴት እንደሚገባ ግን አያውቅም ነበር።

በግንቦት፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ ሁለቱም ጎማዎች መቀየር ነበረባቸው። የኋላው ጥርስ መሐሉ ላይ አልቆ ለሰላሳ ሜትር ጭቃ እንኳ የሚበቃ አልነበረም። ይህን ጊዜ ጎሚስታ ቤት አልወሰደውም። ደብረ ብርሃን እናታችን ቤት ድረስ በሞተሩ መጥቶ እሑድ ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ፈታው። አስተማሪም ነበረው። ጎረቤታችን የሆኑ፣ ዕድሜያቸውን በጎሚስታነት የጨረሱና አሁን ጡረታ የወጡ አዛውንት በርጩማ ላይ ተቀምጠው አዘዙት። እሳቸው ራሳቸው ብረት አልነኩም። «መንገድ ላይ እኔን አታገኘኝም፤ በል አንተው ሥራው» አሉት።

ለሥራው የሚያስፈልገው ዕቃ ከሚገመተው ያነሰ ነው። ጫፋቸው እንደ ማንኪያ ጀርባ የለዘበ ሦስት የጎማ ማውጫ ብረቶች፣ የፔርኖውን ዳዶ የሚፈታ ቁልፍ፣ የቫልቩን ውስጥ የምትፈታ ትንሽ መፍቻ፣ የእጅ መንፊያ፣ የሳሙና ውኃ፣ ጨርቅ፣ መለጠፊያና ማስቲሽ። ካቻቢቴ ብዙ ሰው የሚያነሳው ዕቃ ነው፤ እኛ ግቢ ግን አዛውንቱ ገና ሲያዩት አስወረወሩት። ጠርዙ ስለታም ስለሆነ ከመነዳሪውን ይቀዳል፤ ቸርኬውንም ይቧጭራል። መሥሪያ ጠረጴዛ የሆነው መሬት ላይ የተጋደመ አሮጌ የመኪና ጎማ ነው። የሞተሩ ቸርኬ በላዩ ሲያርፍ አይንሸራተትም፤ የፍሬን ዲስክ ያለውም ዲስኩ ከመሬት ጋር ተጋጭቶ አይጣመምም።

ሞተሩ ከሥሩ በድንጋይና በእንጨት ተደግፎ ቆመ፤ ዳዶው ተፈታ፤ ፔርኖው ተመዘዘ፤ ካቴናው ከጥርሱ ወረደ፤ ቸርኬው ወጣ። ወንድሜ ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀው ነገር ስላልነበረ ይህ በአሥር ደቂቃ አለቀ። እኔ ግን ቀለበቶቹና ማራቂያዎቹ በወጡበት ቅደም ተከተል ጋዜጣ ላይ እንዲደረደሩ አዛውንቱ ማዘዛቸውን ልብ አልኩ። በተጨማሪም በስልክ ፎቶ አነሳኋቸው። ሲመለሱ የግራው በቀኝ ቢገባ ቸርኬው መሐል ላይ አይቆምም።

ከባዱ ሥራ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ንፋሱ ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ጎማው ከቸርኬው ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ለዓመታት ሙቀት፣ አቧራና ዝገት አንድ ላይ አስረውታል። ወንድሜ በጫማው ተረከዝ ረገጠው፤ ዘለለበት፤ እናቴ «እግርህን ትሰብራለህ!» ብላ እስክትጮህ ድረስ ታገለ። መፍትሔው ከጎረቤት መጣ። ሌላ ሞተር ተገፍቶ ገባና የጎን ማቆሚያ እግሩ ከቸርኬው አጠገብ፣ በጎማው ጠርዝ ላይ አረፈ። ሞተሩን ቀስ ብለው ወደዚያ ሲያጋድሉት ክብደቱ ጎማውን ቁልቁል ገፋው፤ ጠርዙም ድምፅ አሰምቶ ለቀቀ። መንገድ ላይ ሌላ ሞተር ከሌለ ይህ ዘዴ አይሠራም። ያን ጊዜ ያለው ሳሙናና ትዕግሥት ነው፤ ዙሪያውን እየረገጡ ጥቂት ጥቂት ማላቀቅ።

አሁን ወደ ምስጢሩ እንግባ፤ ምክንያቱም ጎማ መቀየር የማይችሉ ሰዎች ሁሉ የሚሸነፉት እዚህ ነው። በጎማው ጠርዝ ውስጥ የብረት ሽቦ አለ። ያ ሽቦ አይለጠጥም። የቸርኬው የውጭ ከንፈር ደግሞ ከዚያ ሽቦ ክብ ይበልጣል። ታዲያ ትንሹ ክብ በትልቁ ላይ እንዴት ያልፋል? ቸርኬውን ጎማው ከወጣ በኋላ ብታዩት መሐሉ ጎድጎድ ያለ ቦይ ነው። የጎማው ጠርዝ በአንድ በኩል እዚያ ቦይ ውስጥ ከወረደ፣ በሌላው በኩል ያንኑ ያህል ትርፍ ይሰጣል። በዚያ ትርፍ ነው ከንፈሩን ተሻግሮ የሚወጣው። በጉልበት ቢሆን ኖሮ ማንም ሰው ጎማ አይፈታም ነበር።

ወንድሜ ይህን በአፍ ተነግሮት ነበር፤ እጁ ግን አልሰማም። ብረቱን ይዞ እየተንጠላጠለ ላቡ ሲንጠባጠብ አዛውንቱ ዝም ብለው አዩትና «ጎማ ከፊትህ እምቢ ሲልህ ከፊትህ ያለውን ተወው፤ ጥፋቱ ከማዶ ነው» አሉት። ተነስቶ ማዶውን በጉልበቱ ቁልቁል ተጫነው። ብረቱ በሁለት ጣት ተገፍቶ አለፈ። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሥራው የሚጀመረውም የሚያልቀውም በቫልቩ በኩል የሆነው ለዚሁ ነው። በቫልቩ ቦታ ላይ የከመነዳሪው እግር ቦዩን ስለሚሞላው የጎማው ጠርዝ ወደ ውስጥ ሊወርድ አይችልም። ስለዚህ ብረቱ የሚሠራው በቫልቩ በኩል ነው፤ ወደ ቦዩ የሚወርደው ከቫልቩ ትይዩ ያለው ማዶ ነው። ብረቱም በአንድ ጊዜ ብዙ አይነክስም፤ አምስት ወይም ስድስት ሴንቲ ሜትር ብቻ፤ ከዚያ ቀጣዩ።

የፊተኛውን ጎማ አንዱን ጎን እኔ አወጣሁት። ይህን የምጽፈው ለጉራ ሳይሆን፣ በገጠር ሞተር የሚነዱ ሴት ባለሙያዎች «ይህ የወንድ ጉልበት ይፈልጋል» ሲባሉ ስለምሰማ ነው። ጉልበቴ ከወንድሜ ግማሽ አይሞላም። የፊተኛው ጎማ ደግሞ ቀጭን ስለሆነ ይቀላል። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ብዙውን ጊዜ የፊተኛው ቸርኬ 21 ኢንች፣ የኋላው 18 ኢንች ነው። ለመማር የሚፈልግ ሰው በፊተኛው ቢጀምር ይሻለዋል።

ጎማ አንዴ ከቸርኬ የማይላቀቅበት ዘመን እንደነበረ ስናስብ ደግሞ እኛ ዕድለኞች ነን። በአየር የሚሞላ ጎማን ለሕዝብ ጥቅም ያበቃው ጆን ቦይድ ደንሎፕ የሚባል ሰው ነው። ሙያው የእንስሳት ሐኪምነት ነበር፤ ወንድሜ ይህን ሲሰማ በጣም ተደሰተ። ደንሎፕ ቤልፋስት ከተማ ውስጥ ሆኖ የትንሽ ልጁን ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ንረት ለማለዘብ ቤቱ ውስጥ ባዘጋጀው የጎማ ቱቦ ሞከረና በ1888 (እ.ኤ.አ.) የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ይሁን እንጂ የእሱ ጎማ ከቸርኬው ጋር በማጣበቂያ ይያያዝ ስለነበር አንድ ብስ ለመጠገን ሰዓታት ይፈጅ፣ ማጣበቂያው እስኪደርቅም ሌሊቱን ይጠበቅ ነበር። ፈረንሳውያኑ ወንድማማቾች ሚሽሊኖች እንዲህ ያለ ብስክሌት ለጥገና ሲመጣላቸው ተማረሩና በ1891 የሚፈታ ጎማ አወጡ። በዚያው ዓመት ሻርል ቴሮን በዚያ ጎማ ከፓሪስ ብሬስት ደርሶ የሚመለሰውን ረጅም ውድድር አሸነፈ። ወደ እኛ አገር ሙያው በብዛት የገባው በጣሊያኖች በኩል እንደሆነ ደግሞ ቃላቱ ይመሰክራሉ። ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ቸርኬ፣ ፔርኖ፣ ካቴና፣ ዳዶ፣ ከመነዳሪም ጭምር ከጣሊያንኛ ናቸው።

ወደ ግቢያችን እንመለስ። አሮጌው ጎማ ከወጣ በኋላ አዛውንቱ የጎማውን ውስጥ በእጅ ሳይሆን በጨርቅ አስጠረጉ። ጨርቁ አንድ ቦታ ላይ ያዘ። ሲታይ ጫፉ ተሰብሮ የቀረ የግራር እሾህ ነው፤ ከውጭ አይታይም። ጥቅምት ላይ የተነፈሰው ጎማ ጎሚስታ ቤት ተለጥፎ በሁለተኛው ሳምንት እንደገና የተነፈሰው በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። እጅ ያላደረገውን ጨርቅ አደረገው፤ በእጅ ቢሆን ደግሞ ጣት ይደማ ነበር። ከዚያ የቸርኬው ውስጥ ታየ። ራጂዎቹ የሚታሰሩባቸውን ጫፎች የሚሸፍን የላስቲክ ቀበቶ አለ፤ እሱ ከተቀደደ ወይም ከቦታው ከሸሸ ራጂው ራሱ ከመነዳሪውን ይበሳል።

አዲስ ጎማ ሲገዛ መታየት ያለበት አንድ ነገር አለ። በጎኑ ላይ «ዲኦቲ» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ ይገኛል። ሁለቱ የተመረተበትን ሳምንት፣ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ፤ 2319 ቢል በ2019 (እ.ኤ.አ.) በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። መጋዘን ውስጥ ለዓመታት የተኛ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ደርቆ ይሰነጠቃል። ሌላው ቀስቱ ነው። የመዞሪያ አቅጣጫ ቀስት ካለው ወደ ፊት በሚሄድበት አቅጣጫ መግባት አለበት፤ ካልሆነ ሁሉም ሥራ እንደገና ይፈታል።

ለመግጠም የሚያስፈልገው ቅባት የሳሙና ውኃ ነው። ግራሶ፣ የሞተር ዘይትና ቤንዚን ላስቲክ ስለሚያበላሹ አይቀቡም። እናቴ የሳሙናው ጠርሙስ ሲጋመስ አይታ «ለአንድ ሳምንት ዕቃ የማጥብበት ነበር» አለች። ከመነዳሪው ላይ ደግሞ የሕፃን ፓውደር ተነሰነሰ፤ ከጎማው ጋር እንዳይጣበቅና በቀላሉ ቦታውን እንዲይዝ። ከመግባቱ በፊት ቅርጹን እስኪይዝ ድረስ ጥቂት ንፋስ ይገባበታል። ይህች ጥቂት ንፋስ ቀልድ አይደለችም። ከመነዳሪው ባዶ ከሆነ ይተጣጠፋል፤ የታጠፈው ደግሞ ከብረቱ ሥር ይገባል።

ወንድሜ የደረሰበት ይኸው ነው። የመጨረሻዋ አንድ ስንዝር ስትቀር ጨለማ እየመጣ ነበርና ብረቱን ወደ ውስጥ ጠልቆ አስገባ፤ ጎማው ዘሎ ገባ። ሁላችንም አጨበጨብን። ንፋስ ሲሞላ ግን የሚሰማው ፉጨት ብቻ ነው። ከመነዳሪው ሲወጣ ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ተገኙበት፤ በብረትና በቸርኬ መሐል የተነከሰ ከመነዳሪ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። አዛውንቱ ግን አልደነገጡም። ቀድሞውኑ ያስገቡት አሮጌውን፣ ሦስት ቦታ የተለጠፈውን ከመነዳሪ ነበር። «አዲሱ እኮ ኪሴ ነው ያለው» አሉ። ከሁሉም ያስደነቀኝ ይህ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ከመነዳሪ እንደሚነክስ ስለሚያውቁ የሚነከሰውን አዘጋጅተውለት ነበር። ቤታቸው የሚሞክሩ ሁሉ አሮጌውን ሳይጥሉ ቢለማመዱበት የአዲሱን ዋጋ ያድናሉ።

ሁለተኛው ሙከራ ዝግተኛ ነበር። ብረቱ ጫፉን ብቻ አስገባ፤ ማዶው በጉልበት ተረግጦ ቦዩ ውስጥ ቆየ፤ ቫልቩ ወደ ላይ ተገፍቶ ከመነዳሪው ከጠርዙ ሥር እንዲሸሽ ተደረገ። የመጨረሻው ስንዝር ያለ ትግል ገባ። ትግል ካለ ማዶው ወጥቷል ማለት ነውና ቆሞ ማየት ይሻላል።

ንፋስ ሲሞላ ጣት ከጠርዙ ይራቅ። ጎማው በቸርኬው ላይ ቦታውን ሲይዝ እንደ ጥይት ይጮኻል፤ እኛ ቤት ዶሮዎቹ ተበተኑ። በጎማው ጎን ላይ ለቸርኬው ቅርብ የሆነ ቀጭን መስመር ዙሪያውን አለ። ያ መስመር ከቸርኬው በእኩል ርቀት ከታየ ጎማው ተቀምጧል። አንድ ቦታ ጠልቆ ከቀረ ንፋሱ ይወጣና በሳሙና ውኃ ተረጥቦ እንደገና ይሞላል፤ በጎማው ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ልክ በላይ ግን አይሞላም። ለመንዳት የሚበቃው ንፋስ በሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ አለ። ለኮረኮንች የሚነዱ ብዙዎቹ ከ20 እስከ 25 ፒኤስአይ ባለው ውስጥ ያደርጉታል። ከዚያ በጣም ካነሰ ድንጋይ ሲመታ ከመነዳሪው ከቸርኬው ጋር ተጨፍልቆ ይበሳል፤ በጣም ከበዛም ጎማው በጠጠር ላይ ይንሸራተታል። የቫልቩን ዳዶ እስከ ቸርኬው አጥብቆ አለማሰርም ደግ ነው። ከመነዳሪው ውስጥ ለውስጥ ከሸሸ ቫልቩ ይጣመማል፤ ባለቤቱም ሳይቀደድ ያየዋል። ጠብቆ ከታሰረ ግን ሳያሳይ ይቆረጣል።

ቸርኬው ሲመለስ መቸኮል የሚገድለው እዚህ ነው። ካቴናው ከመጠን በላይ ሳይወጠርና ሳይረግብ፣ በሁለቱም በኩል ያሉት ማስተካከያዎች ምልክት እኩል ሆኖ፣ የፔርኖው ዳዶ ጠብቆ መታሰር አለበት። ፍሬኑ ተረግጦ ይሞከራል፤ ቸርኬው በእጅ ይሽከረከራል። ወንድሜ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረ፤ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደርሶ ተመለሰ፤ ዳዶዎቹን እንደገና ፈተሸ። ሁለቱ ጎማዎች በጠቅላላ ከአምስት ሰዓት በላይ ፈጅተዋል። ጎሚስታ ቤት ቢሆን ቡና ሳይፈላ ያልቅ ነበር። የእኛ ጥያቄ ግን ከጎሚስታው ማን ይፈጥናል አይደለም።

በሚቀጥለው ቀን ጧት፣ ወደ ሥራ ከመመለሱ በፊት፣ የኋላውን ብቻውን እንደገና ፈትቶ ገጠመው። ማንም አላገዘውም፤ ሌላ ሞተርም አላስጠጋም። ሃምሳ ደቂቃ ፈጀበት። አሁን በመቀመጫው ሥር ሦስቱን ብረቶች በአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ አስሮ ይዟል፤ የእጅ መንፊያ፣ መለጠፊያ፣ ማስቲሽ፣ ቁልፍ፣ ጨርቅና በትንሽ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሳሙናም አለው። ትርፍ የሚይዘው የፊተኛውን 21 ኢንች ከመነዳሪ ነው፤ ተጨንቆ ለኋላውም እስከ ከተማ ያደርሳል፤ የኋላው ግን ወደ ፊት አይገባም። መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኛ ሞተር፣ ነዳጅና የራስ ቆብ ሲሰጡ እነዚህን ዕቃዎች ጨምረው መስጠት፣ ከዚያም አንድ ቀን ግቢ ውስጥ አስፈትተው ማስገጠም ምን ያህል ያከብድባቸዋል?

አሮጌዎቹን ጎማዎች የሰፈር ልጆች ወዲያው እየነዱ ወሰዷቸው። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ሁለት የወንድሜ ባልደረቦች የየራሳቸውን ሞተር ይዘው እንደሚመጡ ተነግሮናል። አዛውንቱ እሺ ብለዋል። እናቴም እሺ ብላለች፤ ሳሙና ይዘው እስከመጡ ድረስ።